የሲቲ ስካን ጨረር መጠንን እንዴት ለካሁ?

ሲቲ ስካን ተነስቶ ሲያልቅ ማሽኑ ሁለት ቁጥር ያወጣል፤ ሲቲዲአይ (በአንድ የምስል ቁራጭ ላይ የሚያርፈው የጨረር መጠን) በሚሊግሬይ፣ ዲኤልፒ (የጠቅላላው ስካን) በሚሊግሬይ ሴንቲሜትር። ብዙ ሰው የታካሚው ዶዝ፣ ማለትም ሰውየው የተቀበለው ጨረር፣ ይመስሉታል። ማሽኑ ግን የሚናገረው ስለ አንድ ፕላስቲክ ድፍን ነው።

እኔም ከፕላስቲኩ ጀመርኩ። ፋንተም እንለዋለን፤ ለጭንቅላት 16፣ ለሰውነት 32 ሴንቲሜትር ዲያሜትር ያለው አክሪሊክ። መሃሉና ዳር ዳሩ ቀዳዳ አለው። እርሳስ የመሰለ 100 ሚሊሜትር መለኪያ በየተራ ይገባበታል፤ ሌሎቹ ቀዳዳዎች መደፈን አለባቸው። ፋንተሙን በትክክል ማሽኑ መሃል ማስቀመጥ ትዕግስት ያስጨርሳል፤ ትንሽ ዝቅ ካለ የላይና የታቹ ንባብ አይገናኝም። የመሃሉን አንድ ሦስተኛ ከዳሮቹ አማካይ ሁለት ሦስተኛ ጋር ደመርኩ፣ ለፒች (በአንድ ዙር ጠረጴዛው የሚሄደው ርቀት ከጨረሩ ስፋት ጋር ያለው ንፅፅር) አካፈልኩ። ውጤቱ ከስክሪኑ ቁጥር ጋር ሲቀራረብ ማሽኑን አመንኩት።

ቀጥሎ የሆድ ሲቲ መዝገቦችን ሰበሰብኩ፤ ያለ ስም፣ ከነክብደታቸው። የወሰድኩት አማካዩን ሳይሆን መካከለኛውን ቁጥር ነው፤ ጥቂት በጣም ወፋፍራም ሰዎች አማካዩን ሽቅብ ይጎትቱታላ። ከማጣቀሻ ደረጃው (ለእንዲህ ዓይነት ምርመራ ከወጣው የዶዝ ማነጻጸሪያ) ጋር ሳስተያየው ሲቲዲአይ ደህና፣ ዲኤልፒ ግን አልፎ ሄዷል። ጉዱ ያለው ርዝመቱ ላይ ነበር። ዲኤልፒ ሲቲዲአይ በስካኑ ርዝመት ተባዝቶ ነው የሚመጣው፤ ምስሎቹን ስከፍት ሆድ የተባለው ምርመራ ከሳንባ አጋማሽ ተነስቶ ጭን ድረስ ይወርዳል። ለኩላሊት ጠጠር ያለ ኮንትራስት (ምስሉን የሚያጎላ መድኃኒት) አንድ ዙር ሲበቃ፣ ሁለት ዙር የተነሱም ነበሩ። ይህን ለማስተካከል አዲስ ማሽን አያስፈልግም፤ ከራዲዮሎጂስቱ ጋር ቁጭ ብሎ የስካኑን መነሻና መድረሻ መወሰን ነው።

ሕፃናትን ለብቻ ያዝኳቸው። የሆዱ ዲያሜትር 16 ሴንቲሜትር ገደማ የሆነ ልጅ ቁጥሩ በ32ቱ ፋንተም ከተሰላ፣ በትክክል ያገኘው የስክሪኑን ሁለት እጥፍ ያህል ነው። የአሜሪካ የሕክምና ፊዚሲስቶች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2011 ለዚሁ የማስተካከያ ሠንጠረዥ አውጥቷል። ማሽኑ የትኛውን ፋንተም እንደተጠቀመ የዶዝ ሪፖርቱ ላይ ተጽፏል፤ መጀመሪያ እሱን እዩ።

ሚሊሲቨርት (ጨረሩ በሰውነት ላይ የሚያመጣውን ስጋት መለኪያ) ለሚጠይቅ ደግሞ፦ ለአዋቂ ሆድ ዲኤልፒን በ0.015 ማባዛት ነው፤ 600 ከሆነ 9 ይመጣል። ምርመራን ከምርመራ ለማወዳደር እጠቀምበታለሁ እንጂ የአንድ ሰው ካርድ ላይ አልጽፈውም፤ ስሌቱ የተሠራው ለአማካይ ሰው ነው።