የገንዳውን ደለል ስለመሳብ

ኮምቦልቻ በሚገኝ አንድ ሆቴል የመዋኛ ገንዳ መንከባከብ ከጀመርኩ ጥቂት ዓመታት ሆኖኛል። በበጋ ከቦርከና ሜዳ የሚነሣው ደቃቅ አቧራ ማምሻውን ውኃው ላይ ያርፍና ጠዋት የገንዳው ወለል ላይ እንደ ዱቄት ተነጥፎ ይገኛል። በመጥረጊያ ቢገፉት ተነሥቶ ውኃውን ያደፈርሳል እንጂ አይወጣም፤ መሳብ አለበት።

የምንስብበት መሣሪያ የራሱ ሞተር የለውም። ረጅም የአሉሚኒየም ዘንግ የተገጠመለት ጠፍጣፋ ራስና አንድ ቱቦ ብቻ ነው። የቱቦው ሌላኛው ጫፍ በገንዳው ጠርዝ ላይ ካለው፣ ስኪመር ከምንለው የመሳቢያ አፍ ጋር ይያያዛል፤ ጉልበቱ የሚመጣው ውኃውን ዘወትር ወደ ማጣሪያው ከሚልከው ፓምፕ ነው። ፓምፑ በመግቢያው በኩል ግፊቱን ሲቀንሰው፣ በገንዳው ላይ የተጫነው አየር ውኃውን ከነደለሉ ወደ ቱቦው ይገፋዋል። መሳብ ብንለውም የሚገፋው ከላይ ያለው አየር መሆኑን ማወቅ ለእኛ ለደጋውና ለወይና ደጋው ሰዎች ይጠቅማል። በባሕር ጠለል ላይ ይህ አየር ውኃን 10 ሜትር ያህል ሽቅብ ሊገፋ ሲችል፣ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ኮምቦልቻ ግን ወደ 8 ሜትር ይወርዳል፤ ደሴ ላይ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ስለዚህ በእኛ አካባቢ ፓምፑ ከገንዳው ዝቅ ብሎ ቢተከል ይመረጣል።

የሥራው ሁሉ ጠላት ቱቦው ውስጥ የቀረ አየር ነው። የናፍጣ መስመር አየር ሲይዝ መኪናው እንደሚቆም በጂቡቲ መንገድ የሚመላለሱ ሾፌሮች ሁሉ ያውቁታል፤ ፓምፑም እንደዚያው ነው። ቱቦውን ከማያያዜ በፊት ጫፉን የተጣራው ውኃ ተመልሶ በሚገባበት ቀዳዳ ላይ ደግኜ፣ ከጠፍጣፋው ራስ በኩል አረፋ መውጣቱ እስኪያቆም እጠብቃለሁ። በመጀመሪያው ዓመት ይህን ባለማድረጌ ፓምፑ ያለ ውኃ ሲሽከረከር ቆይቶ የፓምፑ የውስጥ ዘንግ ማሸጊያ ተቃጥሏል።

የአሸዋ ማጣሪያ በአብዛኛው ከ20 እስከ 40 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺህኛ) የሚደርሱ ቅንጣቶችን ይይዛል፤ ከዚያ የደቀቀው አቧራ አልፎ ወደ ገንዳው ይመለሳል። አቧራው ሲበዛ የማጣሪያውን እጀታ ወደ ማስወገጃው አዙሬ ደለሉን በቀጥታ ወደ ውጭ እለቀዋለሁ። ውኃ ስለሚባክን ግን ይህን አዘውትሬ አላደርገውም። ሳደርገው ፓምፑን ሌሊቱን አጥፍቼ ደለሉ እንዲረጋ አደርግና፣ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ጠፍጣፋውን ራስ በዝግታ እየገፋሁ አንድ ጊዜ ብቻ እስባለሁ። ከዚያ በፊት ገንዳውን እስከ ጠርዙ መሙላት ያስፈልጋል፤ ውኃው ሲወጣ ከስኪመሩ አፍ በታች ከወረደ ፓምፑ እንደገና አየር ይስባልና።