የኢሊኖይዋ ካይሮ ለምን ባዶ ቀረች?

ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው መንገድ ላይ ያደጉ ከተሞች ሁሉ፣ አዳማን ጨምሮ፣ እንጀራቸው ከአላፊ አግዳሚው ጋር የተሳሰረ ነው። ሹፌሩ ያድራል፣ ረዳቱ ይበላል፣ ጎሚስታው ጎማ ይለጥፋል፣ ባለ ሆቴሉ አልጋ ያከራያል። በአሜሪካ የኢሊኖይ ግዛት ደቡባዊ ጫፍ ላይ ስላለችው ካይሮ ስለምትባል ትንሽ የወንዝ ዳር ከተማ ካነበብሁ ወዲህ ነገሯ ከአእምሮዬ አልወጣ ያለው፣ እኔም እንዲህ ባለ ከተማ ተወልጄ ያደግሁ በመሆኔ ይመስለኛል። በ1920 በካይሮ 15,203 ሰዎች ይኖሩ ነበር፤ በ2020 የተቆጠሩት 1,733 ብቻ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ካይሮ የምትገኘው የኦሃዮ ወንዝ ከሚሲሲፒ ጋር በሚገናኝበት ሹል መሬት ላይ ነው። የሚሲሲፒ ስም ይግነን እንጂ፣ በመገናኛው ላይ ብዙውን ውኃ ይዞ የሚመጣው ኦሃዮ ነው። በእንፋሎት መርከብ ዘመን ከሰሜን ከሴንት ሉዊስ፣ ከምሥራቅም ከፒትስበርግና ከሲንሲናቲ ተነሥቶ ወደ ኒው ኦርሊንስ የሚወርድ ጭነት ሁሉ የግድ በዚህች ጫፍ ያልፍ ስለነበር፣ ካርታውን የተመለከተ ባለሀብት እዚህ ታላቅ ከተማ ይቆረቆራል ብሎ ማሰቡ አያስገርምም። ካርታው ግን መሬቱ በግዛቱ ካለው ሁሉ ዝቅተኛ መሆኑንና ወንዞቹ በሞሉ ቁጥር ከሁለት ወገን ውኃ የሚከበው መሆኑን አያሳይም።

የመጀመሪያው ሙከራ የተደረገው በ1818 ነው። ለከተማዋና ለአንድ ባንክ ፈቃድ ከተሰጠ በኋላ የሐሳቡ ባለቤት የነበረው ነጋዴ ብዙ ሳይቆይ ስለሞተ ነገሩ ተቋረጠ። በ1837 ዳሪየስ ሆልብሩክ የተባለ ሰው ኩባንያ አቋቁሞ፣ ለንደን ላይ ቦንድ አሽጦ ግንባታ ጀመረ፤ ቦንዱን ይሸጥለት የነበረው የለንደን ድርጅት በ1840 ሲከስር ግን ሠራተኛው ተበተነ። ከተማዋን ነፍስ የዘራባት ባቡር ነው። የኢሊኖይ ሴንትራል ሐዲድ በ1856 ተጠናቅቆ ግዛቱን ከሰሜን እስከ ደቡብ ሲያገናኝ ካይሮ የመስመሩ ማብቂያ ሆነች፤ ከሁለት ዓመት በኋላም በሕግ ከተማ ተባለች። በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የእኛ ባቡርም በየጣቢያው ሰፈርና ገበያ፣ መጋዘንና ሆቴል ስላበቀለ፣ ይህን ክፍል ሳነብ እንግድነት አልተሰማኝም።

የአሜሪካ ሰሜንና ደቡብ የተዋጉበት የእርስ በርስ ጦርነት በ1861 ሲፈነዳ የሰሜኑ መንግሥት ወዲያውኑ ወታደሮች ወደ ካይሮ ላከ፤ ጫፏን የያዘ ወገን ሁለቱንም ወንዞች ይቆጣጠራልና። በዚያው ዓመት የሰሜኑ ጦር ጄኔራል ዩሊሲስ ግራንት ዋና መምሪያውን በካይሮ አደረገ፤ በ1862 መጀመሪያ የደቡቡን ምሽጎች ፎርት ሄንሪንና ፎርት ዶኔልሰንን ለመያዝ የተነሣውም ከዚህ ነው። በዚያ ጊዜ ከደቡብ ባርነት ያመለጡ በሺዎች የሚቆጠሩ ጥቁሮች ወደ ካይሮ መጡ፤ ብዙዎቹም ከጦርነቱ በኋላ እዚያው ኑሯቸውን መሠረቱ። በኋላ ለሆነው ነገር ይህን ማስታወስ ያስፈልጋል። ጥቁሮቹ ከተማዋ ከበለጸገች በኋላ ደርሰው የተቀላቀሉ ሰዎች አልነበሩም፤ ከተማዋ ስታድግ ሸክሟን ከተሸከሙት መካከል ነበሩ።

ከጦርነቱ በኋላ ያሉት አርባና ሃምሳ ዓመታት የደጉ ዘመን ናቸው። በ1872 የተጠናቀቀው የፌዴራል የጉምሩክ ሕንፃ ዛሬም ቆሞ ሙዚየም ሆኗል። በዚያ ዘመን የባቡር ፉርጎዎች ኦሃዮን የሚሻገሩት በጀልባ ላይ ተጭነው ስለነበር፣ ከጫኚና አውራጅ እስከ ባለ መጋዘን ድረስ ብዙ ሰው ከዚሁ ማሻገር ይኖር ነበር። በ1889 ባቡሩ በቀጥታ የሚያልፍበት የብረት ድልድይ ተከፈተ። በ1905 ደግሞ ከካይሮ በስተሰሜን፣ ቲብስ በተባለች መንደር፣ ሚሲሲፒን የሚሻገር ሌላ የባቡር ድልድይ ተሠራ። በ1929ና በ1938 የመኪና ድልድዮች ተከተሉ። በ1978 የኢንተርስቴት 57 አውራ ጎዳና ድልድይ ሲከፈት የረጅም ርቀት ተጓዡ የከተማዋን መሃል መርገጥ አላስፈለገውም። በአሜሪካ የጭነት መኪና የሚነዳው ታናሽ ወንድሜ በዚህ ድልድይ ላይ ብዙ ጊዜ አልፏል። በስልክ ስጠይቀው፣ «እታለም፣ ስሟን ሰሌዳ ላይ አነበዋለሁ እንጂ ገብቼባት አላውቅም» አለኝ።

ስለ ካይሮ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር እዚህ ላይ ይቆማል፤ መርከቡ ቀረ፣ ድልድዩ መጣ፣ ከተማዋ ሞተች ይባላል። ይህ እውነት ቢሆንም አይበቃም ብዬ አምናለሁ። በዚያው በኦሃዮ ዳር ከካይሮ ብዙም ሳትርቅ ያለችው የኬንታኪዋ ፓዱካ፣ በሚሲሲፒ ዳር ያለችው የሚዙሪዋ ኬፕ ጂራርዶም የእንፋሎት መርከብ ዘመን አልፎባቸዋል፤ ሁለቱም ዛሬ እያንዳንዳቸው ከ25 ሺህ በላይ ነዋሪ አላቸው። ካይሮን ከእነሱ የለየው ነገር ድልድይ ብቻ ሊሆን አይችልም።

በኅዳር 1909 ዊል ጄምስ የተባለ ጥቁር ሰው አንዲት ነጭ ወጣት ገድሏል ተብሎ ተያዘ። ፍርድ ቤት ሳይቀርብ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከሸሪፉ፣ ማለትም ከአውራጃው ሕግ አስከባሪ ሹም፣ እጅ ቀምቶ ወደ ከተማዋ መሃል መልሶ ሰቀለው፤ በጥይት ደበደበው፤ ሬሳውንም አቃጠለው። በዚያው ሌሊት ያው ሕዝብ ሚስቱን ገድሏል ተብሎ የታሰረ አንድ ነጭም ከእስር ቤት አውጥቶ ሰቀለ። በኢሊኖይ በ1905 በወጣ ሕግ መሠረት እስረኛውን ከሕዝብ ቁጣ ያልጠበቀ ሸሪፍ ከሥልጣኑ ይነሣ ስለነበር፣ አገረ ገዥው ቻርልስ ዴኒን ሸሪፉን አነሡት። ሸሪፉ ልመለስ ብሎ ሲያመለክት፣ ከባርነት ቤተሰብ የተወለደችው ጋዜጠኛ አይዳ ቢ. ዌልስ ከቺካጎ ወደ ካይሮ ወርዳ ማስረጃ ሰብስባ፣ በአገረ ገዥው ፊት ቆማ ተከራከረች፤ ማመልከቻውም ውድቅ ሆነ። ከዚያች ከተማ ታሪክ ውስጥ እጅግ የማከብረው ምዕራፍ ይህ ነው። ጠበቃ ያልሆነች ሴት ብቻዋን በባቡር ሄዳ፣ የፈሩትን ሰዎች አነጋግራ፣ ሕጉ በወረቀት ላይ ብቻ እንዳይቀር አደረገች።

ከተማዋ ግን ከዚያ አልተማረችም። በ1962 ወጣቶች ጥቁሮችን የማያስገባውን የመዋኛ ገንዳ በመቃወም ሰልፍ ወጡ፤ ውጤቱ ገንዳው ለሁሉም መከፈቱ ሳይሆን መዘጋቱ ነበር፤ በኋላም በሲሚንቶ ተሞላ። በ1967 ለእረፍት የመጣ የ19 ዓመት ጥቁር ወታደር በፖሊስ ጣቢያ ተሰቅሎ ተገኘ፤ ፖሊስ ራሱን አጠፋ ሲል የጥቁሮቹ ሰፈር አላመነም፤ ሁከት ተነሣ፣ ብሔራዊ ዘብም ተጠራ። ነጮቹ የታጠቀ የሰፈር ጠባቂ ቡድን አቋቋሙ። በ1969 ጥቁሮቹ በቄስ ቻርልስ ኮን መሪነት ዩናይትድ ፍሮንት የተባለውን ኅብረት መሥርተው፣ ጥቁር ሠራተኛ በማይቀጥሩ ሱቆች አንገበያይም አሉ። አድማው ለዓመታት ዘለቀ፣ ሌሊት ሌሊትም የተኩስ ድምፅ አይጠፋም ነበር። ብዙ ባለሱቆች አንድ ጥቁር ሻጭ ከመቅጠር ይልቅ ሱቃቸውን ዘግተው መሄድን መረጡ። የንግድ ሥራ በሚሠሩ ቤተሰቦች መካከል ያደግሁ በመሆኔ ይህ ውሳኔ እጅግ ያሳዝነኛል፤ ደንበኛውን ጎረቤቱ አድርጎ መቀበል ያቃተው ነጋዴ የገዛ ገበያውን በገዛ እጁ አፈረሰ።

ወንዞቹማ ከተማዋን አላሰጠሟትም። በወንጂ ሜዳ የአዋሽን ሙላት ለመመከት የተሠራውን የአፈር ክትር ያየ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይገምተዋል፤ የካይሮው ግን ከተማዋን ዙሪያዋን የከበበ ነው። በስተሰሜን መንገዱ በሐዲድ ሥር በሚያልፍበት ቦታ ውኃ ሲመጣ የሚዘጋ ግዙፍ የብረት በር አለ። በ1937ቱ ታላቅ ጎርፍ ካይሮ የተረፈችው በሚዙሪ በኩል ያለው ክትር ሆን ተብሎ ተሰብሮ ውኃው ወደ እርሻ እንዲፈስ ስለተደረገ ነው። በግንቦት 2011 የኦሃዮ ከፍታ በካይሮ መለኪያ 61.72 ጫማ ሲደርስ የአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች ያንኑ ክትር በፈንጂ ከፈቱት፤ ከ50 ሺህ ሄክታር በላይ መሬትም በውኃ ተዋጠ። የሚዙሪ ግዛት ለማስቆም ፍርድ ቤት ቢሄድም አልተሳካለትም። በዚያ ክርክር ሰሞን የሚዙሪ ምክር ቤት አፈ ጉባኤ፣ ከእርሻውና ከካይሮ የቱ በውኃ ቢዋጥ ይሻላል ተብለው ሲጠየቁ ካይሮ ብለው መለሱ፤ በኋላም ይቅርታ ጠየቁ። የገበሬዎቹ ጉዳት እውነተኛ ነበር፤ ሰው የሚኖርባትን ከተማ ግን እንዲህ ማለት የሚቀለው ከተማዋ ቀድሞውኑ የተተወች ስትሆን ነው።

መተዉ በ2017 ሌላ መልክ ያዘ። የፌዴራሉ የቤቶች ሚኒስቴር ኤልምዉድና ማክብራይድ የተባሉት የሕዝብ መኖሪያ ቤቶች ለኑሮ የማይበቁ ናቸው ብሎ ነዋሪዎቹን አስወጣ፤ ሕንፃዎቹም በኋላ ፈረሱ። የወጡት ወደ 400 የሚጠጉ፣ አብዛኞቹም ጥቁሮች ነበሩ፤ በከተማዋ ውስጥ በቂ የኪራይ ቤት ስላልነበረ ብዙዎቹ ሌላ ቦታ ሄዱ። ልጆቻቸው ከትምህርት ቤቱ ሲቀነሱ የትምህርት ቤቱ በጀትም ተቀነሰ። ያኔ ከተማዋ የምግብ ሸቀጥ የሚገዛበት ሱቅ እንኳ አልነበራትም።

በ2020 የኢሊኖይ ግዛት በመገናኛው ላይ አዲስ የወንዝ ወደብ ለመሥራት 40 ሚሊዮን ዶላር መድቧል። ኮንቴይነር በባቡርና በመኪና ሲያልፍ እያዩ ለሚያድሩ የአዳማ ሰዎች የሐሳቡ ማራኪነት ግልጽ ነው፤ ሁለቱ ወንዞች ዛሬም በዚያው ቦታ ይገናኛሉ፣ ሐዲዱም አለ። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ወደቡ ቢሠራ ሥራውን ማን ያገኛል የሚለው ነው። ከኤልምዉድና ከማክብራይድ የወጡት ቤተሰቦች እንዲመለሱ መጀመሪያ ቤት ያስፈልጋቸዋል፤ ያ ቤት ካልተሠራ ሠራተኛው ጠዋት ከኬፕ ጂራርዶና ከፓዱካ ይመጣል፣ ማታም ደመወዙን ይዞ ወደዚያው ይመለሳል።