አዲሱ ዊንች ለምን ተቃጠለ?

ዛሬ ኮምቦልቻ፣ ጋራዥ ውስጥ የአንድ ፒካፕ ዊንች (በሽቦ መኪና የሚጎትት የኤሌክትሪክ ማሽን) ተፈታ። የሶሌኖይዱ (የባትሪውን ኃይል ለዊንቹ የሚያገናኘውና የሚያቋርጠው ማብሪያ) ኮንታክቶች፣ ማለትም የሚነካኩት ብረቶች፣ ጠቁረው እርስ በርስ ተበይደዋል። ሹፌሩ «ገና አዲስ ነው እኮ!» ይላል። ለካ ሐረጎ ላይ ቦይ የገባ መኪና ሲጎትት የመኪናውን ሞተር አጥፍቶ በባትሪ ብቻ ነው የሠራው።

ባለ 12 ቮልት ዊንች ጭነት ሲበዛበት በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ይስባል። ባትሪው ሲደክም ቮልቴጁ ይወርዳል፤ ሶሌኖይዱ አጥብቆ መያዝ ያቅተዋል፤ ኮንታክቱ እሳት እየተፋ ይጣበቃል። ያኔ ሪሞቱን ብትለቁትም አይቆምም! (ለዚህ ነው የባትሪ ማቋረጫ የሚያስፈልገው።)

የመኪናውን ሞተር አስነሱ፤ አንድ ደቂቃ ያህል ስባችሁ አሳርፉት። ሽቦው ድራሙ (የሚጠቀለልበት በርሜል) ላይ ቢያንስ 5 ዙር ይቅር፤ ጫፉን የያዘችው ብሎን ብቻዋን ጭነት አትችልም። ጭነቱ ከከበደ ፑሊ (ሽቦው የሚዞርበት መንኮራኩር) ጨምሩ። ቢበጠስ እንዳይወነጨፍ የተወጠረ ሽቦ ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ ጣሉበት፤ ማንም አይሻገረው።