«ተመስገን፣ ደህና ነኝ» እና የአካል ጉዳት ማመልከቻ

አክስቴ በአሜሪካ ለብዙ ዓመታት የሆቴል ክፍሎችን ሲያጸዱ ከኖሩ በኋላ ወገባቸውና ጉልበታቸው አልታዘዝ ሲላቸው፣ ከሶሻል ሴኩሪቲ መሥሪያ ቤት የአካል ጉዳት ክፍያ የሚጠይቁበትን ማመልከቻ የሞላሁላቸው እኔ ነበርኩ። ቋንቋውን ስለማውቅ ሥራው ከማስተርጎም ያለፈ አልመሰለኝም። የሕመማቸውን ስም፣ የሐኪሞቻቸውን አድራሻና የመድኃኒቶቻቸውን ዝርዝር ጽፌ ላክሁ፤ ከወራት በኋላ የደረሰን ደብዳቤ ግን ጥያቄው ተቀባይነት አለማግኘቱን የሚገልጽ ነበር። ይህን የምጽፈው ወላጁን ወይም ዘመዱን ለመርዳት ብዕር ያነሣ ሰው ያኔ እኔ የሳትኩትን እንዳይስት ነው።

ሕጉ የሚመዝነው የበሽታውን ስም ብቻ አይደለም። ሕመሙ ቢያንስ 12 ወር የቆየ ወይም እንደሚቆይ የሚጠበቅ፣ አለበለዚያም ለሞት ያደርሳል ተብሎ የሚጠበቅ መሆን አለበት፤ በዚያ ላይ አመልካቹ የቀድሞ ሥራውንም ሆነ ከዕድሜው፣ ከትምህርቱና ከልምዱ ጋር የሚስማማ ሌላ ሥራ መሥራት እንዳልቻለ መታየት አለበት። የመጀመሪያውን ውሳኔ የሚሰጡት የየስቴቱ መርማሪዎች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሰውየውን በዓይናቸው ሳያዩ በወረቀት ብቻ ነው የሚያውቁት። ስለዚህ የዕለት ተዕለት ኑሮን የሚጠይቀው ቁጥር 3373 ቅጽ፣ እኔ ለይስሙላ የሚሞላ የመሰለኝ ወረቀት፣ ትልቅ ክብደት አለው።

በዚያ ቅጽ ላይ ምግብ ማብሰል ይችላሉ ወይ፣ ልብስ ለመልበስ ይቸገራሉ ወይ፣ ምን ያህል ርቀት ተጉዘው ያርፋሉ የሚሉ ጥያቄዎች አሉ። አክስቴ ለሁሉም «ተመስገን፣ እችላለሁ» ብለው መለሱ፣ እኔም እንዳሉት ጻፍኩ። መዋሸታቸው አልነበረም፤ በእኛ አስተዳደግ ችግርን መዘርዘር ማማረር ነው፣ ማማረር ደግሞ ፈጣሪን ማስቀየም ነው። ነገር ግን እውነቱ ሲመረመር ሽንኩርቱን የሚከትፉት ተቀምጠው ነው፤ ድስቱን ከምድጃው የምታነሣላቸው ልጃቸው ናት፤ ምግቡ ሲደርስ እሳቸው ጋደም ብለዋል። «ማብሰል እችላለሁ» የሚለው መልስ ይህን ሁሉ ደብቆታል። ይኸው ልማድ ሐኪም ቤትም ተከትሏቸው ገብቶ ነበር፤ ሐኪሙ «እንዴት ነዎት?» ሲላቸው «ደህና ነኝ» ስለሚሉ፣ በሕክምና መዝገባቸው ላይ ጤናቸው መሻሻሉን የሚያሳዩ ማስታወሻዎች ተደጋግመው ተጽፈው አገኘን። ማጋነን ክልክል ነው፣ ተገቢም አይደለም፤ ከእውነቱ አሳንሶ መናገርም ግን እውነቱን መናገር አይደለም።

ውድቅ የተደረገበት ሰው ተስፋ ቆርጦ አዲስ ማመልከቻ ከመጀመር ይልቅ ይግባኝ ማለት ብዙውን ጊዜ ይሻለዋል፤ ከአዲስ የሚጀምር ሰው የቀድሞውን የማመልከቻ ቀንና ከዚያ ጀምሮ ሊከፈለው ይችል የነበረውን ውዝፍ ሊያጣ ይችላል። ደብዳቤው ከደረሰ በኋላ ያለው ጊዜ 60 ቀን ነው። መሥሪያ ቤቱ አስተርጓሚ በነጻ ስለሚያቀርብ፣ ልጅ የእናቱን ገመና እንዲተረጉም ማስገደድ አያስፈልግም። እናት በልጇ ፊት መታጠብ እንዳቃታት አትናገርም።

ጠበቃ ወይም ሌላ ወኪል መያዝም ይቻላል። በተለመደው ስምምነት መሠረት ወኪሉ የሚከፈለው ሲረታ ብቻ ሲሆን፣ ድርሻውም ከውዝፉ 25 በመቶ ወይም የተወሰነው ጣሪያ፣ ከሁለቱ ያነሰው ነው፤ ጣሪያው በፈረንጆች 2024 መጨረሻ ላይ 9,200 ዶላር ሆኗል። ወኪል የአገልግሎት ዋጋውን ለመቀበል የመሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ «እኔ አስጨርስልሃለሁ» እያለ በቅድሚያ ጥሬ ገንዘብ የሚጠይቅን ሰው አትመኑት፤ በችግረኛ ወገን ላይ እንዲህ ሲደረግ ማየት ያንገበግበኛል።

ለይግባኙ ስንዘጋጅ ከአክስቴ ጋር ሦስት ምሽት ተቀመጥን። «ይችላሉ?» ማለቴን ትቼ «ትናንት ከእንቅልፍዎ ሲነሡ መጀመሪያ ምን አደረጉ?» ብዬ ጠየቅኋቸው፤ ከአልጋ ለመውረድ ግድግዳ እንደሚይዙ ያን ጊዜ ሰማሁ። በሚቀጥለው ቀጠሯቸው ያንኑ ለሐኪማቸው በአስተርጓሚ ነገሯቸው፣ መዝገባቸውም ላይ ሰፈረ። ልጃቸው ደግሞ አመልካቹን የሚያውቅ ሌላ ሰው የሚሞላውን ቁጥር 3380 ቅጽ ለብቻዋ ተቀምጣ ሞላች፤ ድስቱን ማን እንደሚያነሣ የጻፈችው እሷ ናት።