የቄሱ ልጅ ቴስላ

ዛሬ ሥራዬን ትቼ ስለ ኤሌክትሪክ መሐንዲሱ ኒኮላ ቴስላ ሳነብ ዋልኩ። አባቱ የሰርብ ኦርቶዶክስ ቄስ ነበሩ፤ እሱም እንዲቀስስ ይፈልጉ ነበር። ልጁ ግን በኮሌራ አልጋ ላይ ወድቆ ሳለ፣ ምህንድስና ልማር ከተባልኩ እድን ይሆናል አላቸው። ምን ያድርጉ፣ እሺ አሉት። ዳነ!

የእሱ ተለዋዋጭ ከረንት (አቅጣጫውን እየቀያየረ የሚፈስ ኤሌክትሪክ) እ.ኤ.አ. በ1896 የኒያጋራን ፏፏቴ ጉልበት አሜሪካ ውስጥ ወዳለችው ቡፋሎ ከተማ አደረሰ።

እኔን ያስገረመኝ ግን እ.ኤ.አ. በ1900 የጻፈው ነው። ኃይል ማግኘት ያለብን ምንም ነገር ሳንፈጅ ነው ይላል። ፀሐይንና ነፋስን ያነሳል። እዚያው ጽሑፍ ውስጥ ደግሞ ቡዲስቱም ክርስቲያኑም በየአነጋገሩ ሁላችን አንድ ነን እንደሚል ይጽፋል። ዛሬ እንዲህ የሚጽፍ መሐንዲስ ቢመጣ፣ አለቃው «ወደ ስሌቱ ግባልኝ» የሚለው ይመስለኛል።