አከራይዋ «ብር» ሳትል ኪራይ ስትጨምር

ሽሮ ሜዳ አካባቢ አንድ የወጣቶች የፈጠራ ጽሑፍ ክፍል አለ። አስተባባሪዋ ደውላ «ጋሼ፣ ልጆቹ ተውኔት መጻፍ ይፈልጋሉ፤ መጥተው ልምድዎን ያካፍሏቸው» አለችኝ።

ልምድ ማካፈል የሚባለው ነገር ያስፈራኛል። ብዙ ጊዜ የሽማግሌ የሕይወት ታሪክ ሆኖ ያልቃል። ስለዚህ ልጆቹ የጻፉትን አስቀድማ እንድትልክልኝ ጠየቅኳት።

ላከችልኝ። ብዙዎቹ አንድ ዓይነት ችግር ነበረባቸው። ገፀ ባህሪው ገና በሩን ከፍቶ ሲገባ ታሪኩን ሁሉ ይዘረግፈዋል። «እማዬ፣ አባቴ ከሞተ ወዲህ ብቻሽን ነው ያሳደግሽኝ» ይላል። እናትየዋ ይህን አታውቅም እንዴ?

በዕለቱ ንግግር አላደረግኩም። መጀመሪያ ከመንግሥቱ ለማ አስቂኝ ተውኔት፣ ከ«ያላቻ ጋብቻ»፣ ጥቂት ምልልስ ድምፅ አውጥተው እንዲያነቡ አደረግኩ። ያ ሁሉ ዓመት አልፎትም ሳቁ መጣ። ከዚያ የቤት ሥራ ሳይሆን የክፍል ሥራ ሰጠኋቸው። አከራይ ኪራይ መጨመር ትፈልጋለች። ተከራዩ ደግሞ ያለፈውንም ገና አልከፈለም። «ኪራይ»፣ «ብር» እና «ወር» የሚሉት ቃላት ግን ክልክል ናቸው።

አዲስ አበባ ውስጥ ይህን ያልኖረው ማን አለ? ብዕሩ ወዲያው ሮጠ። አንዲት ልጅ እንዲህ ጻፈች፦

«ትናንት ማታ ስትታጠብ ብዙ ቆየህ።»
«እትዬ፣ ውሃ እኮ አልነበረም፤ ከጀሪካን ነው የታጠብኩት።»
«ጀሪካኑስ የማን ነው?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ይኸው ተውኔት! ሁለቱም የሚፈልጉትን አልተናገሩም፤ ሁላችንም ግን ገብቶናል። አሽሙር ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ ቤት ውስጥ ስንሰማው ነው ያደግነው። ወረቀት ስንይዝ ብቻ ነው የምንረሳው።

ሌላው የጠቀመን ደንብ ደራሲው የራሱን ጽሑፍ አያነብም የሚለው ነው። ሁለት ሌሎች ልጆች ያነባሉ፤ እሱ እርሳስ ይዞ ዝም ብሎ ያዳምጣል። አንባቢው የተደናቀፈበት ቦታ ላይ ምልክት ያደርጋል። አንድ ልጅ አራት መስመር የሚሆን ዓረፍተ ነገር ጽፎ ነበር። አንባቢው መሃል ላይ ትንፋሽ አጠረው። እኔ ምንም አላልኩም። ልጁ ራሱ ለሦስት ቆረጠው። እኔ ብነግረው ኖሮ ይከራከረኝ ነበር።

«በግልጽ መናገር የማይቻለውንስ እንዴት እንጽፈው?» የሚል ጥያቄ መጣ። የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምን «ፋቡላ» አነሳሁላቸው። ሩሲያ ተምረው የተመለሱት ሰው የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት ሲጽፉ መድረኩን ለአውሬዎች ሰጡት። ቤተ መንግሥቱ ግን ነገሩ ማንን እንደሚነካ ገባው፤ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። አውሬ ማልበስ ከመታወቅ አያድንም። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ የፈሩ አይመስለኝም፤ እንዲያውም ደስ ሳይላቸው አልቀረም።

ስለ ገንዘብም ጠየቁኝ፤ ሳልሸፋፍን መለስኩ። ቲያትር ቤት ድርሰቱን ገምጋሚ ያነበዋል፤ መልሱ ይዘገያል። ቢያልፍም እንኳ ብዙ ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው የሚታየው። በዚህ ብቻ ቤት ኪራይ መክፈል ከባድ ነው። ለጀማሪ የምመክረው ሁለት ተዋናይ ያለው፣ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ የሚያልቅ አጭር ሥራ ነው። የመድረክ ዕቃው ርካሽ ስለሆነ የሚሞክረው አዘጋጅ አይጠፋም።

እንዲህ ላለ ክፍል የምትጋበዙ ካላችሁ፣ ጽሑፉን ለእያንዳንዱ አንባቢ በወረቀት አባዝታችሁ ሂዱ። ከስልክ ሲያነቡ ጣታቸው ገጹን እየገፋ ተራቸው ያልፋቸዋል፤ ቀልዱም አብሮ ያልፋል። ሰዓቱንም ቢያንስ ግማሹን ለንባብ ተዉት። አስተባባሪዋ ድጋሚ ስትጋብዘኝ እሺ ያልኩት የአከራይዋ ትዕይንት ተስተካክሎ ከተላከልኝ ብቻ ነው።