ሐና ልኩን በምን አወቀች

ነሐሴ ገብቷል። ጅማ ላይ ዝናቡ ፋታ አይሰጥም። ጅሬን ላይ የተኛው ጉም እስከ ረፋድ አይነሳም፤ አዌቱም ደፍርሶ፣ ሞልቶ ነው የሚወርደው። የኸርማታ ጭቃ ገበያተኛ ያስቀራል። እኛ ሰፊዎች ግን በዚህ ወር ሥራ አናጣም። የተማሪ ዩኒፎርም አለ። እናቶች ልጆቻቸውን እየጎተቱ ይመጣሉ። ሜትሩን ገና ትከሻው ላይ ሳልዘረጋ ሁሉም የሚሉኝ አንድ ነው፦ «ለከርሞም እንዲሆነው አድርጊው፣ እሺ?» ስለዚህ የሱሪውን እግር ሰፋ አድርጌ አጥፈዋለሁ። እጅጌውንም ወደ ውስጥ አጥፌ በእጅ ስፌት ላላ አድርጌ እይዘዋለሁ። ከርሞ ልጁ ሲረዝም ክሩን ፈትቶ ዝቅ ማድረግ ነው።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ግን ሥራው አስጠላኝ። አመመኝ አልልም። ከቅዳሴ መልስ እህል ቀምሻለሁ፤ ጾሙም አልከበደኝም። ዝም ብሎ ልቤ ላይ አንድ ነገር መጥቶ ተቀመጠ። ዩኒፎርሙን ገፋ አድርጌ ለታናሽ ወንድሜ ሸሚዝ ልቆርጥ ተነሣሁ።

እኔ ያሳደግሁት ልጅ ነው፤ አሁን ድሬዳዋ ነው ያለው። የድሬዳዋን ሙቀት አልቻለውም። ከጅማ ይዞት የሄደው ልብስ ሁሉ የብርድ ነው። ባለፈው ስልክ ላይ፣ «ስስ ሸሚዝ እኮ የለኝም፣ እትዬ» አለኝ። ነጭ ፖፕሊን ነበረኝ። የልክ ደብተሬን አወጣሁ። አሮጌ ነው፤ ጠርዙ በመኪናው ዘይት ጠቁሯል። የእሱ ገጽ ላይ ቁጥሩ እየተሰረዘ ከሥሩ ሌላ ተጽፏል። ትከሻ 38፣ ተሰርዟል። 41፣ ተሰርዟል። 44። እጅጌ 52፣ 57፣ 61። እዚያ ላይ ቆሟል። ከዚያ ወዲህ ዓይኔ ሥር ስለነበር ሳልለካው ነው የምቆርጥለት። ሲገባ ሲወጣ አየዋለሁ፤ እጄ ያውቀዋል።

አሁን አላየውም። ስልክ ላይ «ወፍሬያለሁ» ይለኛል። ምን ያህል? ወይስ እንዳልጨነቅ ነው?

መቀሱን እንደያዝኩ ሐና ትዝ አለችኝ።

በመጀመሪያው መጽሐፈ ሳሙኤል ያለችው ሐና። ልጅ አጥታ ሴሎ ወጥታ ያለቀሰችው። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምጿ አይሰማም፤ ካህኑ ዔሊ ሰክራለች ብሎ ተቆጣት። እስከዚህ ማንም ይተርከዋል። ሳሙኤል መወለዱንም ማንም ያውቀዋል። እኔን የያዘኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ልጁ ጡት ሲጥል ወስዳ ለእግዚአብሔር ሰጠችው። ወደ ቤቷ ተመለሰች። ምዕራፍ 2 ቁጥር 19 ላይ አንድ መስመር አለ፦ እናቱ ትንሽ መደረቢያ እየሠራች፣ በየዓመቱ ለመሥዋዕት ስትወጣ ታመጣለት ነበር።

በየዓመቱ!

እኔ እንግዲህ ሥራዬ ነው። በሰባትና በስምንት ዓመቱ ያለ ልጅ በዓመት አምስት ስድስት ሴንቲ ሜትር ይጨምራል። ሁሉም ግን እኩል አይደለም። አንዱ ዓመቱን ሙሉ ቆሞ ይቆይና በአንድ ክረምት ይመዘዛል። ሐና ልጇን የምታየው በዓመት አንዴ ነው። የዘንድሮውን ስትሰፋ የምታውቀው ያምናውን ትከሻ ነው። በምን ለካች? በዕድሜው ያለ የጎረቤት ልጅ ጠርታ ይሆን? ቤት ውስጥ የነበሩት ልጆች የጣውንቷ የፍናና ልጆች ናቸው። ያን ሁሉ ዘመን ልጅ የለሽም እያለች ያስለቀሰቻት ፍናና። ሐና አንዱን የፍናና ልጅ «ና እስቲ፣ ቁም» ብላ ልብሱን ትከሻው ላይ አድርጋ ለክታ ከሆነስ? እንዲህ ሳስብ መቀሱን አስቀመጥኩት።

ደግሞ ሌላ ነገር። «ልቤ በእግዚአብሔር ጸና» የሚለውን ጸሎቷን ከዳዊት በኋላ ከነቢያት ጸሎት ጋር እናደርሰዋለን። ብዙ ሰው ልጁን የወለደች ቀን ያለችው ይመስለዋል። መጽሐፉን ስታነቡት ግን ያለችው ልጁን ሰጥታ ልትመለስ ስትል ነው። ባዶ እጇን የምትመለስበት ቀን! ከወንበሩ ላይ ያለው ካህን ደግሞ ያ ሰክራለች ያላት ዔሊ ነው። እንደዚያ ያለ ቀን እንደዚያ ያለ ቃል ከየት ይወጣል? እኔ ልጁ ከሄደ ወዲህ እዚያ ጋ ስደርስ ድምፄ ይቀንስብኛል።

ስለዚህ ልጅ ምን ያህል እንደለመንኩ ታውቃላችሁ። እናታችን ካረፈች ወዲህ የዘወትሩን ጸሎትና የዕለቱን ውዳሴ ማርያም አድርሼ በራሴ ቃል የምለው አንድ ነገር ነበር፦ «ለዚህ ልጅ እንጀራውን ስጠው።» ሲማር ብዬዋለሁ። ተመርቆ ቤት ሲቀመጥ ደግሞ አብዝቼ ብዬዋለሁ። ጠዋት ጫማውን ጠርጎ ይወጣል፤ ማስታወቂያ ሰሌዳ ለሰሌዳ ይዞራል፤ ማታ ዝም ብሎ ይገባል። ለፈተና ይጠራና ተጠባባቂ ይባላል። ምን ሆንክ ብዬ አልጠይቀውም ነበር። ራት አቀርባለሁ፣ ጠዋት ተነሥቼ እለምናለሁ።

እግዚአብሔር ሰማ። ሰጠ። ድሬዳዋ ላይ ሰጠ።

ጅማ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ምዕራብ ናት። ድሬዳዋ ከአዲስ አበባ ወዲያ፣ በምሥራቅ። በእኔና በእሱ መካከል ሰፊ ሀገር ገብቷል። የሄደ ቀን ከመናኸሪያ ስመለስ ገና አልነጋም። ጊቤን ተሻገርኩ ብሎ ደወለ። ወልቂጤ ቁርስ በላሁ ብሎ ደወለ። ከዚያ ኔትወርኩ ጠፋ።

በማግስቱ እንደ ልማዴ ወደ ምሥራቅ ዞሬ ቆምኩ። ያቺ ቦታ ደረስኩ። አፌ እንደለመደው «ለዚህ ልጅ እንጀራውን ስጠው» አለ። ተሰጥቶታል እኮ። ቀጥሎ የምለው ጠፋኝ። ቤቱ ባዶ መሆኑ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ሰው ነገር ሲለዋወጥበት «ጸልዪ» ይሉታል። ደግ ምክር ነው። እኔም መጸለይ አልተውኩም። ነገር ግን ለውጡ ጸሎቴ ውስጥ ገብቶ ነው ያገኘሁት። ክፉ ነገር ሲመጣ የሚባለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ታገሺ፣ ያልፋል፣ ኢዮብን አስቢ። ሐዘን ቤት ለመቀመጥም ወግ አለው። የለመንሽው መልካም ነገር መጥቶ ሰው ሲያጎድልብሽ ግን ማን መጥቶ ያጽናናሻል? «እንኳን ደስ አለሽ» ነው የሚሉኝ። ደስ ብሎኛል። እውነቴን ነው። የመጀመሪያ ደሞዙን የተቀበለ ቀን ደውሎ ሲነግረኝ እያለቀስኩ መሬት ስሜያለሁ። ያ ደስታ አሁንም አለ። ይኼኛውም አለ። ሁለቱ አንድ ልብ ውስጥ ሳይጣሉ ተቀምጠዋል፤ እኔ ነኝ መሃላቸው የምንገላታው።

ወደ ማታ ጎረቤቴ እማማ በርጩማቸውን ይዘው በረንዳዬ ላይ ተቀመጡ። ልጁን እኔ በጸሎት፣ እሳቸው በዱዓ ነው ያሳደግነው። እሳቸው ለሱብሒ ሲነሡ የእኔም መብራት በርቶ ያዩታል። «ኢንታላ ኮ (ልጄ)፣ ከስተሻል» አሉኝ። ጾም ነው አልኳቸው። «የጾም ክሳት አውቃለሁ፤ ይሄ የጾም አይደለም» አሉ። ስለ ሐና ሳጫውታቸው የእሳቸው ሐና ሌላዋ ሆና ተገኘች፤ የመርየም እናት። «እሷም ገና በሆዷ ሳለች ተስላ ነው የሰጠቻት» አሉኝ። እኛም ዘንድ አለች። እመቤታችንን በሦስት ዓመቷ ወደ ቤተ መቅደስ ያስገባቻት፤ ታኅሣሥ 3 ቀን በዓታ ብለን የምናከብረው። ሁለት ሐናዎች። ሁለቱም ለምነው አገኙ፤ ሁለቱም ወስደው ሰጡ። እማማ ዝናቡን እያዩ ቆዩና፣ «የመርየም እናት ሰጥታት ስትመለስ፣ በማግስቱ ምን ስትሠራ ዋለች ይሆን?» አሉ። እኔም እሳቸውም መልስ አልነበረንም።

እማማ ከሄዱ በኋላ አባታችን ትዝ አለኝ። ከወሎ ነው የመጣው። ለቡና ለቀማ። በጥቅምት መጥቶ በታኅሣሥ ሊመለስ። ለቀማው አለቀ፤ እሱ ቀረ። እዚሁ አገባ፣ እዚሁ ወለደን፣ እዚሁ ተቀበረ። እናቱን፣ አያታችንን፣ እኔ አላየኋትም። የሚነግረን አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ሲወጣ ደጅ ድረስ ሸኝታ «እንጀራህ ይውጣልህ» ብላ መርቃዋለች። እሷም እንግዲህ ከዚያ ቀን በፊት ስትለምንለት ኖራለች ማለት ነው። እንጀራው ወጣ። ጅማ ሆነና ወጣ። ልጇን መልሳ አይታው ታውቅ እንደሆነ አባታችን አልነገረንም፤ እኛም ልጆች ነበርን፣ አልጠየቅነውም። እኔ ጅማን ሀገሬ ብዬ፣ ኸርማታ ሱቅ ከፍቼ፣ ከእማማ ጋር ቡና ተጠራርቼ የምኖረው ያቺ ሴት ጸሎቷ ተሰምቶላት ነው። ለእሷ ግን ምን ቀረላት? ስሟን እንኳ አላውቅም። ዛሬ ማታ ለሙታን ስጸልይ «የአባቴ እናት» ብዬ ጨመርኳት።

ንስሐ አባቴን ባለፈው እሑድ አግኝቻቸው ነበር። ስለቴ እንዳለ ያውቃሉ። ልጁ ሥራ ካገኘ ለእመቤታችን መጋረጃ ሰፍቼ አገባለሁ ብዬ ነበር። ጨርቁ ተገዝቷል፤ ቀይ ከፋይ ነው፣ ዙሪያውን ወርቅማ ጥለት የሚዞረው። ለነሐሴ 16 መድረስ አለበት። እስካሁን መቀስ አልነካውም። «አባ፣ ስለት ሰምሮ ልብ ግን ደስታው ካልሞላ ማግባት ይቻላል?» አልኳቸው። እሳቸው ቶሎ አይመልሱም። መቋሚያቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩና፣ «ልጄ፣ የተሳልሽው ደስታሽን ነው ወይስ መጋረጃ?» አሉ። መጋረጃ አልኳቸው። «እንግዲያው መጋረጃውን አምጪ። ደስታውን እሱ ሲሰጥሽ ታመጪዋለሽ።»

ጠዋት ጠዋት የሚጠፋኝንም ነገርኳቸው። «የክርስትና ስሙን ጥሪ። የሚያስፈልገውን አትዘርዝሪለት» አሉኝ። እንደዚያ ነው የማደርገው አሁን። ስሙን እጠራለሁ፤ ዝም እላለሁ። መጀመሪያ ላይ ዝምታው ከበደኝ። ጭንቅላቴ ውስጥ ሸሚዙ፣ ሙቀቱ፣ የቤት ኪራዩ፣ ብቻውን መብላቱ ይሰለፋሉ። ስሙን ደግሜ እጠራለሁ። ቆይቶ ቆይቶ ይረግባል። አንዳንድ ቀን ደግሞ በዚያ ዝምታ መሃል የራሴ የክርስትና ስም ይመጣብኛል። ለራሴ መለመን ያልለመድኩት ነገር ነው። ስሜን ጠርቼ ምን እንደምጨምር አላውቅም።

እሱ «ነይ» ይለኛል። «መኪናሽን አስጭነሽ ነይ፣ እዚህም ልብስ ይሰፋል» ይላል። አብርሃም ከካራን ሲወጣ 75 ዓመቱ ነበር፤ ወዴት እንደሚሄድም አላወቀም። እኔ የምሄድበትን አውቃለሁ፣ ዕድሜዬም ገና ነው። ነገር ግን አብርሃምን ውጣ ያለው እግዚአብሔር ነው፤ እኔን ነይ የሚለኝ ናፍቆት የያዘው ልጅ ነው። እግዚአብሔር በልጅ አፍ እንደሚጠራ አምናለሁ። ይህኛው ያ ይሁን አይሁን ግን እንዴት ይለያል? የእናታችን መቃብር እዚህ ነው። እማማ እዚህ ናቸው። ይዤ ልሂድ ብል የማልይዛቸው ናቸው።

ለአሁኑ የሚያሳስበኝ ነሐሴ 16 ነው። ስለት ሲገባ በድምፅ ማጉያ ይነገራል። እህታችን እንዲህ ብላ ተስላ፣ እንዲህ ተደርጎላት፣ ይህን ይዛ መጥታለች ይባላል፤ ከዚያ ሕዝቡ እልል ይላል። ዲያቆኑ ቀደም ብሎ ወረቀት ይዞ ይዞራል። ምን ብዬ ልጻፍ ይለኛል። «ወንድሟ ሥራ አገኘላት» እለዋለሁ፤ እውነት ነው፣ እልልታም ይገባዋል። የቀረውስ የት ነው የሚነገረው?